የጠያቂው ፈተና

በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ግጥም፣ ምክርና የስፖርት ውጤት ነው። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ግን የራሳችንን ውርደት ነው። ውርደት ይጻፋል እንዴ ትሉ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ እኛም እንደዚያው ብለን ነበር። ሆኖም ነገሩን ደጋግመን ስናወራው በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን፣ ከዚያም አልፎ ነገ እኛው በሌላው ላይ ልንፈጽመው የምንችል መሆኑን ስለተረዳን ብዕር አነሣን።

እኛ ማለት ሦስት ነን፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ሦስታችንም ያደግነው አልዱባ ነው። ለማታውቋት፣ አልዱባ በደቡብ ኦሞ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በአዘቦት ቀን ዝም ያለች ናት፤ ማክሰኞ ገበያ ሲቆም ግን በናው፣ አሪው፣ ፀማዩ ከየመንደሩ ይጎርፍባታል። ማር፣ ማሽላ፣ ቅቤ፣ ፍየል፣ ቅል፣ ያልተሸጠ ነገር የለም። ከሦስታችን የአንዱ ወላጆች በና ናቸው፤ የእኅታችን ወላጆች አሪ ናቸው፤ የሦስተኛው አባት ደግሞ ከሰሜን መጥቶ ሱቅ ከፍቶ የቀረ ነው። የሦስታችንም ትምህርት ቤት ያ ገበያ ስለነበር የበናን ቋንቋ አቀላጥፈን እንናገራለን፤ በእሱ ተጫውተናል፣ ተሰዳድበናል፣ ታርቀናል።

የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና የወሰድነው በ2016 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 674,823 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 36,409 ብቻ ናቸው፤ ከመቶው 5.4 ማለት ነው። እኛ ሦስታችን ከቀሪዎቹ ወገን ነበርን። ውጤቱ የወጣ ዕለት አንዳችን የሌላችንን ፊት ማየት አፍረን ነበር። በኋላ ግን «የወደቀው አገሩ ሁሉ ነው» እያልን መጽናናት ጀመርን። እማዬ (የአንዳችን እናት ማለታችን ነው፤ ግን ሦስታችንም እማዬ ነው የምንላት) «ከብዙ ሰው ጋር መውደቅ ያው መውደቅ ነው፤ ተነሡና ሥራ ፈልጉ» አለችን።

ሥራ ስንፈልግ ነው እንግዲህ ወሬው የደረሰን። አንድ ማክሰኞ ከወዲያ የመጣ ሾፌር በስልኩ ያነሣውን ማስታወቂያ አሳየን። አንድ ኮሌጅ፣ ስሙን አንጠራውም፣ በቋንቋ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ለስድስት ወር በኮንትራት የሚሠሩ ሁለት ረዳቶች ይፈልጋል። መስፈርቱ «12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ/ች፣ የሐመር-በና ቋንቋ የሚናገር/የምትናገር» ይላል። ሥራውም ተረት መሰብሰብ፣ ቃላት መልቀም፣ ለሕፃናት ማንበቢያ የሚሆን ጽሑፍ ሲዘጋጅ መርዳት ነው። ሦስት ጊዜ አነበብነው። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወረቀት «የምታውቁትን እፈልገዋለሁ» አለን።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነብን ትንሽ እናብራራ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጊዜው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። ብዙ ሕዝብ ያስነበበ ትልቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክደውም። ሆኖም ከእነዚያ 15 ቋንቋዎች መካከል ከኦሞ ዳር የተገኘ አንድም አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል ብሎ ደነገገ። ወረቀቱ ላይ ያለው መልካም ነው። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በናው 27 ሺህ ያህል፣ ሐመሩ 46 ሺህ ያህል ነበር፤ ለዚህን ያህል ሕዝብ ልጆች መጽሐፍ የሚጽፈው፣ ቃል የሚለቅመው፣ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ሰው ከየት ይመጣል? ከሰማይ አይወርድም፤ ከእኛው መካከል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ያ ማስታወቂያ ለእኛ ከደመወዙ በላይ ነበር። ደመወዙንም አልጠላነውም፤ እውነቱን እንናገር።

ዝግጅታችን እንዲህ ነበር። እማዬ ለመንገዳችን ብላ አንድ ቅል ማር ሸጠች። የእኅታችን አክስት ጫማዋን አዋሰቻት፤ ጫማው በአንድ ቁጥር ስለሚሰፋ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎሰጎስንበት። ለወንዶቹ ኮት አስፈለገ። ያለው ኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የባለ ሱቁ አባት የሠርግ ኮት። ስለዚህ የፈተናው ተራ ስለማይገጥም አንዱ ለብሶ ገብቶ ሲወጣ ለሁለተኛው እንዲያወልቅለት ተስማማን። ጥሩ ዕቅድ መስሎን ነበር።

ለልባችንም ተዘጋጀን። እኅታችን ከአያቷ ሠፈር የሰማቻቸውን ስድስት ተረቶች በደብተር ጻፈች። አንደኛው ወንድማችን የከብት መልክ ስሞችን ለቀመ፤ በኛ አገር «ቀይ ላም» ብሎ ማለፍ የለም፤ የነጥቡ፣ የሽንትሩ፣ የቡራቡሬው ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ሁለተኛው ደግሞ በላቲን ፊደልና በግእዝ ፊደል እየጻፈ የትኛው ድምፅ በየትኛው እንደሚያስቸግር በሠንጠረዥ አሰፈረ። ማንም ያላዘዘን ሥራ ነበር። ደብተሮቻችንን በፌስታል ጠቅልለን፣ ማስረጃችንን ፎቶ ኮፒ አስደርገን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሥተን መንገድ ጀመርን። ከአልዱባ ቀይ አፈር፣ ከቀይ አፈር ወይጦ፣ ከወይጦ ኮንሶ፣ ከዚያም ወዲያ። ማታ ደረስን፤ ለሦስት አንድ ክፍል ተከራይተን፣ እኅታችን አልጋው ላይ፣ እኛ መሬት ላይ አደርን።

ማስታወቂያው «ከጧቱ 2፡30 ላይ» ይላል። እኛ በ1፡30 በሩ ላይ ነበርን። አሥራ ሁለት ተወዳዳሪዎች ሆነን ኮሪደሩ ላይ ባለች አንዲት አግዳሚ ወንበር ተራ በተራ ተቀመጥን። 2፡30 ሆነ፣ 3፡30 ሆነ፣ 5 ሰዓት ሆነ። የመጣ ሰው የለም። ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናቸው፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው ልጆቼ፣ አሁን ይመጣሉ» እያሉ ውኃ አመጡልን። «እትዬ፣ ዳቦ ገዝተን ብንመለስስ?» ብንላቸው «ኧረ እንዳትንቀሳቀሱ፣ በሌለህበት ስምህ ከተጠራ አለቀ» አሉን። ቁጭ አልን። ፈታኞቹ ከምሳ መልስ፣ 8 ሰዓት ሲሆን ጥርሳቸውን እየፋቁ መጡ። ይቅርታ ያለን የለም። ምናልባት ይቅርታ የሚያሻ ነገር መኖሩንም አላስተዋሉትም።

መጀመሪያ የተጠራው የበናው ልጅ ነው። ኮቱን ለብሶ ገባ። ከውስጥ የሆነውን እንደነገረን እንጽፋለን።

ሦስት ፈታኞች ናቸው። አንደኛው ስልካቸውን ያያሉ። ሁለተኛው ሰዓታቸውን ያያሉ። መካከል የተቀመጡት ሰብሳቢ ደግሞ ማስረጃውን ያገላብጣሉ። «ራስህን በእንግሊዝኛ ግለጽ» አሉት። ሥራው የበናን ተረት መሰብሰብ ነው እንጂ እንግሊዝኛ ማስተማር አይደለም፤ ቢሆንም ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አገሩን ተናገረ። «አልዱባ» ሲል ሰዓት የሚያዩት ቀና አሉ።

«አልዱባ? ያ ከብት የሚዘሉበት አገር?»

«አዎ፣ በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ለጋብቻ ከመብቃቱ በፊት ...» ብሎ ሥርዓቱን ሊያስረዳ ሲጀምር አቋረጡት።

«አንተስ ዘለሃል?»

«ገና ነኝ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ከብቱን ካልዘለልክ ይህን እንዴት ልትዘለው ነው?» አሉና ሦስቱም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። አብሮ መሳቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

ከዚያ «ቋንቋ ምንድን ነው? ትርጓሜውን ስጥ» ተባለ። ሰጠ። «አምስት የቋንቋ ባሕርያትን ዘርዝር» ተባለ። ሦስት ዘርዝሮ አራተኛው ላይ ቆመ። በመጨረሻ ስልክ የሚያዩት ቀና ብለው «እስቲ በአገርህ ቋንቋ አንድ ነገር በልና እንስማው» አሉት፤ ልክ ሬዲዮ እንደማስከፈት። ልጁ ትንሽ አሰበና በበናው ቋንቋ እንዲህ አለ፦ «ከሩቅ መጥተን ከጧት ጀምሮ ሳንበላ ተቀምጠናል፤ እናንተ ግን እንግዳ ጠርታችሁ ምን እንደጠራችሁት የረሳችሁ ሰዎች ትመስላላችሁ።»

«በጣም ግሩም!» አሉ ሰብሳቢው። «ትርጉሙ ምንድን ነው?»

«እንኳን ደኅና ቆያችሁን ማለት ነው» አለ።

«ጥሩ፣ ጥሩ» ብለው ጻፉ። ከሦስቱ አንዳቸውም ቋንቋውን እንደማያውቁ የገባን ያኔ ነው። እኛ ይህንን ስንሰማ ኮሪደሩ ላይ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ማታ ግን አንድ ነገር ከነከነን፦ ቋንቋውን የሚያውቅና የማያውቅ ተወዳዳሪ ቢገባ፣ የማያውቀው የፈጠራ ድምፅ ቢያሰማቸው፣ ለእሱም «በጣም ግሩም» ይሉት የለ?

ቀጥላ እኅታችን ገባች። እሷን የጠየቋት ሌላ ነው። «አግብተሻል?» «አላገባሁም።» «ልታገቢ አስበሻል?» «ለጊዜው አላሰብኩም።» «ሁሉም እንደዚያ ይላል፤ ከዚያ በሦስተኛው ወር እርጉዝ ነኝ ትሉናላችሁ።» ተረቶቿን የጻፈችበትን ደብተር ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ ምንድን ነው?» «የሰበሰብኳቸው ተረቶች ናቸው።» ሰብሳቢው ሳይገልጡት በጣታቸው ወደ እሷ መልሰው ገፉት። «በኋላ፣ በኋላ» አሉ። በኋላ የሚባል ጊዜ አልመጣም።

ሦስተኛው የባለ ሱቁ ልጅ ነበር። ኮቱን ለብሶ ሲገባ ሰዓት የሚያዩት ፈታኝ አተኩረው አዩትና «ቆይ፣ ይህ ኮት ቅድም ገብቶ አልወጣም እንዴ?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ያ ሠንጠረዥ፣ ሌሊት ሲያጠናው ያደረው ሁሉ፣ ከራሱ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ቀጥሎም «ስምህና መልክህ የበና አይደለም፤ ይህን ቋንቋ ከየት አመጣኸው?» አሉት። «ገበያ ውስጥ ነው ያደግኩት» አለ። «ገበያ ውስጥ ያደገ ነጋዴ ነው የሚሆነው» አሉት። ስድስት ደቂቃ አልቆየም።

ውጤቱ በነጋታው ተለጠፈ። ሰሌዳው ላይ ስንሻማ ያነበብነው «ተወዳዳሪዎች የሚፈለገውን መስፈርት ባለማሟላታቸው ማስታወቂያው በድጋሚ ይወጣል» የሚል ነበር። አሥራ ሁለታችንም ወደቅን። በዝምድና ተሠራ ብለን እንዳናማ እንኳ ያለፈ ሰው የለም። አንዳንድ ጊዜ እሱ ይሻል ነበር እንላለን፤ ቢያንስ የምንቆጣበት ነገር እናገኝ ነበር። ጸሐፊዋ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ሌላ ይመጣል» ብለው ደብተራችንን ቆጥረው ሰጡን።

አልዱባ የተመለስነው ማክሰኞ ነበር። ከገበያው ዳር ካለ ጥላ ሥር አንድ የበና አዛውንት ቦርኮቷቸው ላይ ተቀምጠው በቅል ሸፈሮ ይጠጣሉ። ጠሩን፣ ሸፈሮ ሰጡን፣ ነገሩን አወራናቸው። የከብቱን ዝላይ ቀልድ ስንነግራቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ትንሽ ቆይተው «ልጆቼ፣ በሬ ልገዛ ነው ብሎ ገበያ የመጣ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ጎኑን ሳይዳብስ፣ ሳያስኬደው ስለ ገመዱ ብቻ ከጠየቀ፣ ያ ሰው ገዢ አይደለም» አሉን። እኛም በአንድ ቃል «ገዢ አይደለም» አልን፤ ትንሽም ቀለለን።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ በዚህ ግድግዳ ላይ ባልጻፍነው። በደል አውርቶ መጨረስ ቀላል ነው። የከበደው ቀጥሎ ያለው ነው።

ሦስታችንም ወደዚህ ተቋም ከገባን በኋላ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስንላክ፣ ከእኛ አንዱ አንደኛ ክፍል ደረሰው። ያውም ያ የበናው ልጅ፣ ኮት ለብሶ መጀመሪያ የገባው። ከኋላ ወንበር ላይ መምህራችን ማስታወሻ ይዘው ተቀምጠዋል። ልጁ ነጥብ እንዳይጎድልበት ፈርቷል፤ የትምህርት ዕቅዱን እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል። ከልጆቹ መካከል ከሩቅ መንደር የመጣ፣ አዲስ ገቢ የሆነ አንድ ትንሽ የበና ልጅ አለ። አስተማሪያችን በአማርኛ «ስምህ ማነው?» አለው። ዝም። «ስንት ዓመትህ ነው?» ዝም። ሦስተኛ ጠየቀው፤ ዝም። ያኔ ከአፉ ያመለጠው ቃል «ምን ሆንክ፣ ምላስህን መንደር ረስተህ መጣህ?» የሚል ነበር። ክፍሉ ሳቀ። ትንሹም ልጅ አብሮ ሳቀ።

አብሮ ሳቀ! ወንድማችን ያን ሳቅ አወቀው። ያው በዚያ ቢሮ ውስጥ የሳቀው የራሱ ሳቅ ነው። ማታ ማደሪያ ክፍላችን መጥቶ ሲነግረን እራቱን አልበላም። ትንሹ ልጅ በነጋታው ከትምህርት ቤት ቀረ። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

ገበያ ቀን ወንድማችን ሊፈልገው ሄደ። ልጁ ከአባቱ ፍየሎች ጋር ቆሞ አገኘው። በበናው ቋንቋ ሰላምታ ሰጠው። ልጁ ዓይኑን አፍጦ አየውና «አንተም ትናገራለህ እንዴ?» አለው። «አዎ፣ የእናቴ ቋንቋ ነው።» ልጁ ትንሽ አሰበና «ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?» ሲል ጠየቀው።

እስቲ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ይንገረን። ኮሌጁ አሥራ ሁለታችንን ጠይቆ ያላወቀውን ያ ሕፃን በአንድ ጥያቄ አወቀው። ዝም ያለው ልጁ አልነበረም፤ አስተማሪው ነበር። ወንድማችን መሬት ላይ ተቀምጦ ፍየሎቹን ስንት እንደሆኑ ጠየቀው። ልጁ በጣት ሳይቆጥር «37» አለ፤ ከዚያም እያንዳንዷን በመልኳና በስሟ፣ የትኛዋ የማን ግልገል እንደሆነች ዘረዘረለት። ክፍል ውስጥ እስከ 10 መቁጠር አይችልም ተብሎ ሊመዘገብ የነበረው ይህ ልጅ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰ። ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ እስካሁንም ብዙ አይናገርም። ግን ይመጣል።

በምዘና ትምህርታችን ላይ ሁለት ቃላት ተምረናል፤ «ተገቢነት» እና «አስተማማኝነት»። ተገቢነት ማለት ፈተናው ሊለካ የተነሣበትን ነገር መለካቱ ነው። አስተማማኝነት ማለት ደግሞ በየጊዜው፣ በየፈታኙ እጅ ውጤቱ አለመዋዠቁ ነው። እኛ የተፈተንበት ቃለ መጠይቅ በሁለቱም ወድቋል። ሥራው የበና ተረት መሰብሰብ ሆኖ ሳለ አንድም ሰው ተረት አላስነገረንም፣ አንድ መስመር አላስጻፈንም። ለአንዱ ስለ ከብት፣ ለአንዷ ስለ ባል፣ ለአንዱ ስለ ኮት ጠይቆ ሦስቱን ማወዳደር ደግሞ ማርን በሜትር፣ ጨርቅን በኪሎ እንደ መስፈር ነው።

ይህ የእኛ ብሶት ብቻ አይደለም። ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት የተዘጋጀ ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚጠየቅበት ይልቅ የሰውየውን የወደፊት ሥራ በተሻለ እንደሚያመለክት አሳይተዋል። ሰውየው የሥራውን ቁራጭ በእጁ ሠርቶ እንዲያሳይ ማድረግም ከጥሩዎቹ መለኪያዎች አንዱ መሆኑን ጽፈዋል። የአልዱባው አዛውንት ይህንን ጽሑፍ አላነበቡም። ግን በሬውን አስኪደው እዩት ብለዋል።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንም ሆነ ለእኛው ለሠልጣኞች የምናቀርበው ሐሳብ እነሆ፦

አንደኛ፣ ነገ ርዕሰ መምህር ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የምንሆን እንኖራለን። ሰው ስንጠራ በቀጠርነው ሰዓት እንገኝ፤ ካልተገኘን ይቅርታ እንበል። ለመንገዱ የማር ቅል ተሸጦ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄዎቹን አስቀድመን እንጻፍ፤ ለሁሉም ያንኑ እንጠይቅ፤ ነጥቡንም ለየብቻችን ሰጥተን ኋላ እናስተያይ። ጋብቻ፣ እርግዝና፣ የትውልድ መንደርና ልብስ የሥራ ጥያቄ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ሥራውን እናሠራው። አስተማሪ ከፈለግን 10 ደቂቃ ያስተምር፤ የተረት ሰብሳቢ ከፈለግን ደብተሩን እንግለጥ። የማናውቀውን ቋንቋ የምንፈትን ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከጎናችን እናስቀምጥ፤ አለዚያ ስድባችንን በገንዘባችን ገዝተን «በጣም ግሩም» እንላለን።

አራተኛ፣ የወደቀው ለምን እንደወደቀ ይነገረው። «መስፈርቱን አላሟላችሁም» የሚለው ቃል የትኛውን እንደሆነ ካልተናገረ በር መዝጋት ነው እንጂ መልስ አይደለም።

አምስተኛው ለእኛው ለተጠያቂዎቹ ነው። እኛም ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አልነበርንም። ጥያቄው ሲበላሽ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ስለ ሥራው ብነግርዎት» ማለት ይቻል ነበር። እኅታችን ደብተሯን አውጥታ በማስቀመጧ ከሦስታችን የተሻለውን አድርጋለች። እኛ ወንዶቹ ግን አንዳችን ሳቅን፣ አንዳችን ደነገጥን። መከበርን በጨዋ አንደበት መጠየቅ ልምምድ ይፈልጋል። ለዚህም መምህሮቻችን ቢፈቅዱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት የቃለ መጠይቅ መለማመጃ እንዲሆንልን እንለምናለን። ግማሾቻችን ጠያቂ፣ ግማሾቻችን ተጠያቂ ሆነን፣ በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ቦታ ተለዋውጠን። ከሁለቱ የሚከብደው የጠያቂው ወንበር እንደሚሆን ከወዲሁ እንወራረዳለን።

ያ ማስታወቂያ በድጋሚ ወጥቶ እንደሆነ አልተከታተልንም። ደብተሮቹ ግን አሉ። ስድስቱ ተረቶች ዛሬ አሥራ አንድ ደርሰዋል፤ የከብት መልክ ስሞቹም ገና አላለቁም፤ ትንሹ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ ወንድማችን የሳተውን ሁለት አርሞለታል። ማየት የሚፈልግ ካለ ማደሪያ ክፍላችን ድረስ ይምጣ፤ ሳንገፋው እንገልጥለታለን።

ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባዶ ቦታ ትተናል። የተለየ ሐሳብ ያለው፣ ወይም እንደኛ ጠያቂ ሆኖ ያፈረ ካለ ይጻፍበት።

ከአልዱባ የመጣን ሦስት ሠልጣኞች